አጭሩ ዘንግና ረጅሙ ዘንግ

ሽጉጥ የምወድ ሰው አይደለሁም። ይህን አስቀድሜ ካልተናገርኩ የሚቀጥለው ሁሉ ይጣመማል፤ ምክንያቱም በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ አምስተርዳም ውስጥ ከነበርነው ጥቂት ሀበሾች መካከል የእኔ ስም የሚነሳው በሽጉጥ ነበር። ከጠመንጃ ሸሽቶ የመጣ ሰው፣ ሰላም አገር ገብቶ ሲያበቃ፣ ሐሙስ ሐሙስ ከሥራ በኋላ ምድር ቤት ወርዶ የሚተኩሰው ምን ሆኖ ነው? ሰው ሁሉ ይህን ይጠይቅ ነበር። እኔን ግን ማንም አልጠየቀኝም።

የምኖረው ኒው ዌስት በሚባል ሰፈር፣ ከአንድ ረጅም የኪራይ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ነበር። ሥራዬ የሆቴል አንሶላ ማጠብ ነው። ቀኑን ሙሉ ከማጠቢያ ማሽን ጋር እውላለሁ፤ እሱ ይጮኻል፣ እኔ ዝም እላለሁ። ቤቴ ስገባ ደግሞ እኔም ቤቱም ዝም እንላለን። ከአሮጌ ዕቃ ሱቅ ጠረጴዛ ስገዛ ሁለት ወንበር አብሮ መጣ። አንዱን ብቻ ልውሰድ ብል ሻጩ እንደ ቀልድ ቆጥሮ ሳቀብኝ። በአንደኛው ላይ እኔ እቀመጣለሁ፣ በሁለተኛው ላይ ካፖርቴ ይቀመጣል። እራት ስበላ አንዳንዴ ቀና ብዬ አየዋለሁ፤ ትከሻው ሰፊ ስለሆነ ሰው ይመስላል። ብቸኝነት ምን እንደሆነ የሚጠይቀኝ ቢኖር ከካፖርት ጋር እራት መብላት ነው እለው ነበር።

ተኩሱን ያገኘሁት ዝናብ ስሸሽ ነው። ከትራም ወርጄ ስሄድ ዶፉ መጣና አንድ ሕንፃ በር ላይ ተጠጋሁ። ከእግሬ ሥር፣ ከምድር ቤቱ፣ የታፈነ ድምፅ ይሰማል። ድምፁን ወዲያው አወቅሁት። በአገሬ ያ ድምፅ ሲሰማ መብራት ይጠፋል፣ ሰው ወለል ላይ ይተኛል፣ ሲነጋ ደግሞ የማን ልጅ ነው ተብሎ ይጠየቃል። እንደ ግንድ ተገትሬ ሳለሁ በሩ ተከፈተና አንድ ረጅም ሽማግሌ ብቅ አሉ። ከላይ እስከ ታች ካዩኝ በኋላ፣ "ወይ ግባ፣ ወይ ሂድ፤ ሙቀቱ እየወጣ ነው" አሉኝ።

ገባሁ። የዒላማ ተኩስ ክለብ ነበር፤ ሰዎች ተሰልፈው ቆመዋል። አንዱ "ተዘጋጅታችኋል?" ብሎ ይጠይቃል፤ ሁሉም እስኪዘጋጅ ይጠበቃል። ከዚያ ይተኮሳል። ከዚያ ሽጉጡ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥና ሁሉም ሄዶ ወረቀቱ ላይ ያለውን ቀዳዳ ያያል። ከዚያ ቡና ይጠጣል። ማንም አልሞተም። ተኩሱ አስቀድሞ ተነግሮለት፣ ጆሮ ተሸፍኖለት፣ ሲያልቅ "አበቃ" ተብሎለት፣ ሰው ሁሉ በእግሩ ወደ ቤቱ ይሄዳል። እንባዬ መጣ። ዝናብ ስለመታኝ ማንም ልብ አላለም።

እኚያ በር የከፈቱልኝ ሽማግሌ ዕድሜያቸውን በሙሉ የሮተርዳም ወደብ ላይ የሠሩ ናቸው። ጡረታ ከወጡ በኋላ ወደ ሚስታቸው ከተማ ወደ አምስተርዳም ተዛውረው፣ ሚስታቸው ሞተውባቸው፣ ኢንዲሸ ቡርት በሚባል ሰፈር ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። ስማቸውን ባውቅም በልቤ የምጠራቸው ጋሼ እያልኩ ነው። በሆላንድኛ ስናወራ እሳቸው እኔን አንተ ይሉኛል፤ እኔ እርስዎ እላቸዋለሁ። "እዚህ ሁላችንም አንተ ነን፤ እርስዎ ስትለኝ የባንክ ሠራተኛ ትመስላለህ" ብለው ብዙ ጊዜ ተቆጥተውኛል። አባቴን የሚያክል ሰው አንተ ብዬ ምላሴ ቢደርቅስ? አልቻልኩም።

ለረጅም ጊዜ በክለቡ ሽጉጥ ከተለማመድኩ በኋላ የፖሊስ ፈቃድ አገኘሁና ክለቡን ከሚለቅ አንድ አባል አሮጌ የውድድር ሽጉጥ ገዛሁ። ሽጉጡ ቤት ውስጥ በተቆለፈ ሣጥን፣ ጥይቱ በሌላ ሣጥን ይቀመጣል። ከሐሙስ በቀር አይከፈትም።

ወሬው ሀበሾቹ ዘንድ ደረሰ። እዚያው ኢንዲሸ ቡርት አንድ ቤት ነበረ፣ ለበዓል የምንሰበሰብበት። ሄድኩ። ስገባ ጨዋታው ቆመ። ሀበሻ ሲጠረጥርህ ፊት ለፊት አይነግርህም፤ ሻይ ያበዛልሃል። ያን ቀን ብርጭቆዬ ጎድሎ አያውቅም። በመጨረሻ አንደኛው ሳቅ እያለ፣ "ለመሆኑ ማን ነው የሚያሠለጥንህ?" አለኝ። ግማሹ ለመንግሥት የምሰልል መሰለው፣ ግማሹ ለተቃዋሚ የምዘጋጅ። በምንም ነገር የማይስማሙት ሁለቱ ወገኖች በእኔ ተስማሙ። ብናገር ማን ያምነኛል? ሰው የማይሞትበት ተኩስ ደስ ስለሚለኝ ነው ልበል? ዝም አይነቅዝም ብዬ ሻዬን ጠጥቼ ወጣሁ፤ ከዚያ ወዲህ የጠራኝ የለም። ተናድጄ ነበር። ንዴቱ ሲበርድ ግን ከሥሩ ሌላ ነገር አገኘሁ፤ በአማርኛ የሚያናግረኝ ሰው አልነበረም።

ስለዚህ ሐሙስ ቀረኝ። ሐሙስ ማለት ደግሞ ጋሼ ማለት ነው። ክለቡ ከሌሎች ከተሞች ክለቦች ጋር የጥንድ ውድድር አለው፤ ሁለት ሰው ጎን ለጎን ቆሞ ይተኩስና ውጤቱ ይደመራል። የጋሼ የቀድሞ ጓደኛ ዓይኑን ታምሞ ሲያቆም፣ ጋሼ ጣታቸውን ወደ እኔ ቀሰሩ። ሌላ ንግግር አልነበረም። ከዚያ ጀምሮ ከጎናቸው ያለው ቦታ የእኔ ሆነ። እኔ ከዘገየሁ ወደ በሩ የሚመለከት አንድ ሰው በዚያ አገር ቢኖር እሳቸው ነበሩ። አንድ እንጨት አይነድም ይባል የለ? እኔም በሳምንት አንድ ቀን ከሌላ እንጨት ጋር እነድ ነበር።

የክለቡ ኃላፊ ግን ቀጥ ያለ ሰው ነው። ዘ ሄግ የሚደረገው የዓመቱ የመጨረሻ ውድድር ሲቃረብ ጠርቶኝ፣ "እዚያ ጥሩ ካልተኮስክ በሚቀጥለው ዓመት ከሽማግሌው ጋር ሌላ ሰው እናቆማለን" አለኝ። በክፋት አልነበረም፤ የትራም ሰዓት እንደሚናገር ሰው ነው የተናገረው። እኔ ግን ወንበሩን ከሥሬ የጎተተው መሰለኝ። ዋንጫው ምኔም አይደለም። ያቺን ከጋሼ ጎን ያለች የክንድ ስፋት ቦታ ካጣሁ ግን ሐሙስም እንደ ረቡዕ ሊሆን ነው።

ዘንጉ የተሰነጠቀው በዚያው ሰሞን ነው። ለማያውቅ ሰው ልንገር፤ ከሽጉጡ አፈሙዝ ሥር፣ ሞላ በሚባለው ጥምዝምዝ ሽቦ መሃል የሚያልፍ፣ ከጣት የማይበልጥ ዘንግ አለ። ሽጉጡ በተተኮሰ ቁጥር የላይኛው ብረት ወደ ኋላ ሄዶ ይመለሳል፤ ሞላው ይጨመቃል፣ ይፈታል፤ ዘንጉ ሞላው እንዳይጣመም ቀጥ አድርጎ ይይዘዋል። ሥራው ይህ ብቻ ነው። ከውጭ አይታይም፣ ማንም አያወድሰውም። ሽጉጡን ፈትቼ ሳጸዳ ጫፉ ላይ ፀጉር የመሰለ መስመር አየሁ። በጥፍሬ ስነካው ተከፈተ።

ለጋሼ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ወደ መብራቱ አስጠግተው አዩት። "አብቅቶለታል። በዚህ እንዳትተኩስ" አሉ። ቀጥለውም፣ "እንዲህ ያለ የሚሸጥ ሱቅ ሮተርዳም አለ። ቅዳሜ አብሬህ ልሂድ? አብረን እንመርጣለን" አሉኝ።

ልቤ ዘለለ። ከጋሼ ጋር ባቡር ተሳፍሮ መሄድ፣ በመስኮት እያዩ ማውራት፣ ሱቅ ገብቶ ይህ ይሻላል ያ ይሻላል መባባል! እዚህ አገር ከመጣሁ አንስቶ ከማንም ጋር ዕቃ ልገዛ ሄጄ አላውቅም። ልቤ እንዲህ ሲል አፌ ግን ያደገበትን ተናገረ።

"አይ፣ አይቸገሩ" አልኩ።

እኛ ዘንድ ይህ መልስ አይደለም፤ የመልስ መግቢያ ነው። ጋባዥ "ኧረ ምን ችግር አለው!" ይላል። ተጋባዥ "የለም የለም፣ ይተዉት" ይላል። ጋባዥ "በሞቴ!" ይላል። ያኔ ተጋባዥ ተሸንፎ፣ አንገቱን ሰበር አድርጎ "እሺ" ይላል። በመጀመሪያው ጥያቄ እሺ የሚል ሰው ስግብግብ ነው፤ ያሳደገው የለም ይባላል። እኔ ደግሞ በደንብ ነው ያደግሁት። ስለዚህ "አይቸገሩ" ብዬ ሁለተኛውን ጥያቄ ጠበቅሁ።

ጋሼ "ደህና" አሉ። ቡናቸውን ጨረሱ፣ ኩባያቸውን አጠቡ፣ ኮታቸውን ለበሱና ሄዱ።

ቅዳሜ ብቻዬን ተሳፈርኩ። ከፊቴ ያለው መቀመጫ ባዶ ነበር፤ ሰው ሲመጣም ሌላ ቦታ ፈልጎ ያልፋል። መንገዱን ሙሉ በጋሼ ስናደድ ሄድኩ። ምናለ አንድ ጊዜ ቢደግሙት! ላይመጡ ነገር ለአፋቸው ያህል ነው የጠየቁኝ፤ ፈረንጅ እንዲህ ነው፤ ጠይቆ ይገላገላል። እንዲህ እንዲህ እያልኩ ሮተርዳም ደረስኩ።

ሱቁን ጠይቄ አገኘሁት። የምትሸጠው መነጽሯን በገመድ አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ሴት ናት። ስንጥቁን ዘንግ አይታ ምንም ሳትናገር ወደ ጓዳ ገባችና ሁለት ዘንጎች ይዛ መጣች። ባንኮኒው ላይ ጨርቅ አንጥፋ ጎን ለጎን አስቀመጠቻቸው።

"ይሄ አጭሩ፣ ከድሮህ ጋር አንድ ነው" አለች። "ቀላል ነው፤ ሽጉጡ እንደለመድከው ይሆናል። ይሄ ረጅሙ ደግሞ ድፍን ብረት ነው፤ እስከ አፈሙዙ ድረስ ይሄዳል። ከፊት ስለሚከብድ አፈሙዙ ወደ ላይ እንዳይዘል ይይዝልሃል። የውድድር ሰዎች አሁን አሁን ይሄን ይወዳሉ።"

"የትኛው ይሻላል?"

"እሱ እንዳንተ ነው። ስትተኩስ አፈሙዝህ ይዘላል ወይስ ክንድህ እየደከመ ይወርዳል?"

አሰብኩ። አላውቅም። ስተኩስ ዓይኔ ዒላማው ላይ ነው፤ የገዛ እጄን አይቼው አላውቅም። ሰው የራሱን እጅ እንደዚያ ሊያየው አይችልም። "አላውቅም" አልኳት።

"ከጎንህ የሚቆመው ሰው ያውቃል። ማን ነው የሚቆመው?"

"አንድ ሽማግሌ።"

"ደውልላቸዋ" ብላ ስልኩን ወደ እኔ ገፋችው።

ቁጥራቸውን በቃሌ አውቀዋለሁ፤ ደውዬ ግን አላውቅም። እጄን ዘረጋሁና መለስኩት። አይቸገሩ ያልኩትን ሰው፣ ቅዳሜ ዕረፍታቸውን፣ ከሰው ሱቅ ደውዬ እጄ ይወርዳል ወይስ ይዘላል ልበላቸው? ይሉኝታ ያዘኝ። "ግድ የለም፣ ራሴ እመርጣለሁ" አልኳት።

ከዚያ መርካቶ ያስተማረኝን አደረግሁ። ሁለቱንም አንስቼ በመዳፌ መዘንኳቸው። እኛ ዕቃ ስንገዛ መጀመሪያ ከፍ ዝቅ አድርገን ክብደቱን እናያለን፤ ማንኪያም ይሁን ቁልፍ፣ ከባዱ እውነተኛ ነው፣ ቀላሉ ማጭበርበሪያ ነው። አጭሩ መዳፌ ላይ መኖሩም አይታወቅም። ረጅሙ ቁጭ አለ። ከባድ ነገር አይከዳም ብዬ ረጅሙን ያዝኩ።

ሴትዮዋ ስትጠቀልልልኝ፣ "አጭሩን ከፈለግህ ግን ቶሎ ወስን፤ የቀረኝ ይሄ አንድ ብቻ ነው። ሌላውን ዛሬ ጠዋት አንድ ሽማግሌ ወሰዱት" አለች። ሽማግሌዎች አጭር ይወዳሉ ማለት ነው ብዬ አሰብኩና አመስግኜ ወጣሁ።

ወደ ባቡሩ ለመመለስ አልቸኮልኩም። የሚጠብቀኝ ካፖርቴ ነው፤ እሱንም ለብሼዋለሁ። ወንዙ ዳር ወርጄ ቆምኩ። ትልልቅ መርከቦች በዝግታ ያልፋሉ፤ ከማዶ የክሬኖቹ አንገት ይዞራል። ጋሼ የሠሩት የቱ ጋ ይሆን እያልኩ በዓይኔ ፈለግሁ። አጠገቤ ቢሆኑ በጣታቸው ያሳዩኝ ነበር። የያዝኩትን ዳቦ ቆሜ በላሁ። በሕይወቴ ብዙ ክፉ ቀን አሳልፌአለሁ፤ ያ ቀን ክፉ አልነበረም፤ ማንም ምንም አላደረገኝም። ግን ያን ያህል ብቸኛ ሆኜ አላውቅም።

ሐሙስ ረጅሙን ዘንግ አስገብቼ ተኮስኩ። ግሩም ነበር! አፈሙዙ እንደ ተቸነከረ ረጋ አለ። ጋሼ ከጎኔ ሆነው ዓይናቸውን ሽጉጡ ላይ አደረጉ።

"ረጅሙን ገዛህ" አሉ።

"አዎ።"

"ከባድ ነው።"

"አዎ፣ ከባድ ነው" አልኩ በኩራት።

እጃቸውን ኮታቸው ኪስ ውስጥ ከተቱ፤ የሆነ ነገር ሊሉ መሰለኝ። ከዚያ እጃቸውን ባዶውን አወጡና ወደ ዒላማቸው ዞሩ። እስከ ውድድሩ ድረስ ስለ ዘንጉ ዳግም አላነሱም። ልምምዳችን አጭር ነው፤ ጥቂት ተኩሰን ቡና ወደ መጠጣት እንሄዳለን። ለብቻው የሚሮጥ የሚቀድመው የለም እንደሚባለው እኔም በራሴ ዓይን ጎበዝ ነበርኩ።

ዘ ሄግ የደረሰብኝን ሳላሳምር ልናገር። አዳራሹ ሰፊ፣ ውድድሩ ረጅም ነው። መጀመሪያ ላይ ጥሩ ነበርኩ። ወደ ግማሹ ስንደርስ ሽጉጡ ከበደኝ። አንድ እጅ ዘርግቶ መቆም ነውና ያቺ መዳፌ ላይ ደስ ያለችኝ ክብደት ክንዴን ወደ ታች ትስብ ጀመር። ጥይቶቼ ከመሃሉ እየወረዱ፣ እየወረዱ፣ መጨረሻ ላይ ወረቀቱ ጫፍ ደረሱ። ትከሻዬ ተንቀጠቀጠ። ከጎኔ ጋሼ ዝም ብለው፣ በእርጋታ፣ አንድ በአንድ ይተኩሳሉ። የሳቸውን ውጤት የእኔ ይዞት ሲሰምጥ ይታወቀኝ ነበር።

ውጤቱ ሲለጠፍ ስማችንን ከላይ አልፈለግሁም። የክለቡ ኃላፊ ወረቀቱን አይቶ፣ እኔን አይቶ፣ ራሱን ነቅነቅ አድርጎ አለፈ። መናገርም አላስፈለገው።

ጋሼ ከመመገቢያው ሁለት ሳህን የአተር ሾርባ አምጥተው ከፊቴ ተቀመጡ። እኔ ቀና ብዬ ማየት አፈርኩ። ከዚያ ከኮታቸው ኪስ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አደረጉ። ገልጬ አየሁ። አጭሩ ዘንግ ነው።

"ከየት አመጡት?"

"ከሮተርዳም። ያን ቅዳሜ ጠዋት ሄጄ ገዛሁልህ። አንተ አፈሙዝህ አይዘልም፤ ክንድህ ነው የሚወርደው። ሁልጊዜ አየዋለሁ።"

"ታዲያ ለምን አልሰጡኝም?" ድምፄ ሳላስበው ከፍ አለ፤ ከጎናችን ያሉት ዞሩ።

ጋሼ ማንኪያቸውን አስቀመጡ። "አብሬህ ልሂድ ስልህ አይሆንም አልክ። እኔን ይዞ መሄድ አልፈለገም፤ የትኛው እንደሚሆንህ ግን አውቃለሁ ብዬ ብቻዬን ሄድኩ። ሐሙስ ልሰጥህ ይዤው መጣሁ፤ አንተ ረጅሙን ገዝተህ ደስ ብሎሃል። አይሆንም ያለን ሰው አልጫንም። ስሕተትም ቢሆን ምርጫው የራስህ ነው።"

ያን ሁሉ ቀን ኪሳቸው ውስጥ ነበር። "ከሱቁ ወጥተው ወዴት ሄዱ?" አልኳቸው።

"ወንዙ ዳር። ዓሣ በላሁ፣ መርከቦቹን አየሁ። ሚስቴ ከሞተች ወዲህ ወደዚያ አልሄድኩም ነበር፤ ብቻዬን አስጠልቶኝ። አንተ ብትመጣ የሠራሁበትን ላሳይህ አስቤ ነበር።"

በአንድ ቅዳሜ፣ በአንድ ከተማ፣ አንድ ወንዝ ዳር እሳቸው ዓሣ፣ እኔ ዳቦ፣ ሁለታችንም ለየብቻችን። ከዚያ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ አይቸገሩ ማለት አይቸገሩ ማለት እንዳልሆነ፣ እኛ አገር ሦስት ጊዜ እንደሚጠየቅ፣ በመጀመሪያው እሺ ማለት ነውር እንደሆነ። ስለማያውቀው ሞተር አሠራር እንደሚሰማ ሰው አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ሰሙኝ።

"ሦስት ጊዜ?"

"ሦስት ጊዜ።"

"ጊዜ ማባከን ነው" አሉ። አጭሩን ዘንግ በሁለት ጣታቸው አንስተው ወደ እኔ ዘረጉት። "እኔ አንድ ጊዜ እጠይቃለሁ። ትፈልገዋለህ?"

ኧረ ይተዉት፣ አይገባም፣ ምን በወጣዎት... ሁሉም ተሰልፎ ምላሴ ላይ መጣ። ዋጥኩት። "አዎ" አልኩ። እንዲያ ያለ እርቃን አዎ ከአፌ ወጥቶ አያውቅም፤ ጆሮዬ ድረስ ተቃጠልኩ። ጋሼ ዘንጉን መዳፌ ላይ አስቀምጠው ሾርባቸውን ቀጠሉ።

ወደ አምስተርዳም ስንመለስ ባቡር ውስጥ ፊት ለፊት ተቀመጥን። ለሚቀጥለው ዓመት ቦታዬ እንደሄደ ሁለታችንም አውቀናል፤ አላነሳነውም። ሐሙስ ሲመጣ ከጎናቸው ሌላ ሰው ሊቆም ነው። ከተማው መቃረቡን ሳይ ሌላ መላ አልመጣልኝም።

"እሁድ ምሳ ቤቴ ይምጡ" አልኳቸው።

"አይ፣ አትቸገር" አሉ።

በሳቸው አገር ሕግ ነገሩ አልቋል፤ ደህና ብሎ መስኮት ማየት ነው። ግን እጃቸውን አየሁ፤ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ እያዞሩት ነበር።

"ይምጡ እንጂ፣ ምን ችግር አለው" አልኩ።

ባርኔጣው ቆመ። ጋሼ ወደ መስኮቱ ዞሩ። "ሚስቴ ስትሞት ሴት ልጄ መጥተህ ከእኛ ጋር ኑር አለችኝ። አይሆንም አልኩ። ጎረቤቴ ለገና ና አለኝ። አይሆንም አልኩ። ሁለቱም 'ደህና' አሉ" ብለው ባርኔጣቸውን ጭናቸው ላይ አስቀመጡ። "ሁለተኛ የጠየቀኝ ሰው የለም።"

የሚናገሩት ለመስኮቱ ነበር። እኔ ደግሞ ሦስተኛው ቀርቶኛል፤ ሦስተኛው ደግሞ ከነቃሉ ካልሆነ አይሠራም። በሆላንድኛ እንዴት እንደሚባል ስለማላውቅ እንዳለ ገለበጥኩት። "በሞቴ!" አልኳቸው።

ደንግጠው ዞሩ። "በማን ሞት?"

"በእኔ።"

"ለምሳ?"

"ለምሳ።"

ከዚያ ትከሻቸው ተናጠ፤ ሳቅ መሆኑን ለማወቅ ትንሽ ጊዜ ወሰደብኝ፤ ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም ነበር። ዓይናቸውን በመዳፋቸው ጠርገው፣ "ስንት ሰዓት ልምጣ?" አሉ።

እሁድ ጠዋት በሩ አጠገብ ግድግዳው ላይ ምስማር መታሁ። ከዚያ ካፖርቴን ከወንበሩ ላይ አንስቼ ሰቀልኩት።